ጅማ ብለው ተነሥተው ሶዶ የቀሩት

እሑድ ጠዋት በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለውስጥ የሚያልፍ ሰው፣ ለሱቅ ተብለው ከተሠሩት የምድር ቤት ክፍሎች አንዳንዶቹ ሌላ ሥራ ላይ እንደዋሉ ያያል። የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። አንድ ኪቦርድና ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። በር ላይ ያለው አስተናጋጅ የገባውን ሁሉ በሁለት እጁ ይጨብጣል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት ዝማሬውን ወደደችም ጠላችም ትሰማለች፤ ከወዲያ ማዶ የቅዳሴው ድምፅ በማጉያ ይመጣል።

ወንበሮቹ ላይ ከሚቀመጡት ጥቂት የማይባሉት ተማሪዎች ናቸው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቂሊንጦ ላይ፣ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ነው ያለው። ይህ ምዕራፍ ከእነዚያ ተማሪዎች ስለ አንዱ ዓይነት ነው። ስም አልሰጠውም፤ በየካምፓሱ አለና። ጂሲ ነው፤ ዘንድሮ ይመረቃል። ባለፈው ክረምት ከካምፓሱ ወንጌላውያን ተማሪዎች ፌሎሺፕ ጋር ወደ ገጠር ለአገልግሎት ወጥቶ ከተመለሰ ወዲህ ልቡ እዚያው ቀርቷል። ለዶርም ጓደኛው "ሸክም ተሰጥቶኛል" ይለዋል። ለፌሎሺፑ መሪዎች ደግሞ "ጌታ ለሚሲዮን ጠርቶኛል" ብሏቸዋል። እነሱም ጸልየውለታል፤ አንዷ እህት አልቅሳለታለች።

አሁን ሌት ተቀን የሚያስጨንቀው "ወዴት?" የሚለው ነው። አንድ ሰሞን ደቡብ ኦሞ ይታየዋል፤ ሌላ ሰሞን ሰሜን አፍሪካ። በየጸሎት ቤቱ ካርታ ዘርግተው እጃቸውን ጭነው የሚጸልዩ ወንድሞች አሉ፤ እንባቸው የመጣበት አገር የተጠሩበት አገር ይሆናል። እንባውን አልነቅፍም። ነገር ግን ወንጌላውያኑ አብያተ ክርስቲያናት በአገራችን እንዴት እንደተተከሉ ያነበበ ሰው፣ የ"ወዴት" መልስ መጀመሪያ እንደታሰበው የሆነበት ጊዜ እጅግ ጥቂት መሆኑን ይገነዘባል።

በ1920 ዓ.ም. የዶክተር ቶማስ ላምቢ ቡድን በበቅሎ ከአዲስ አበባ ተነሣ። የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን በሚባለው፣ በኋላ ኤስ.አይ.ኤም. ተብሎ በተለመደው ድርጅት ሥር የመጡ ሰዎች ናቸው። መድረሻቸው ጅማ ነበር። በጸሎትም በዕቅድም ጅማ ብለው ነው አገራቸውን የለቀቁት። ጅማ አልደረሱም። በየመንገዱ ያገኟቸው ገዥዎች በፈቀዱላቸው ቦታ፣ ሲዳማ፣ ሆሳዕናና ወላይታ ሶዶ ላይ ቀሩ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ምእመን ያላት የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ሥሯ የተተከለው እንግዲህ ሰዎቹ ባላሰቡት ቦታ ነው።

ከእነሱ ከ60 ዓመት በፊትም ነገሩ ይኸው ነበር። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን የመጀመሪያዎቹ መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1866 ምጽዋ ሲወርዱ ልባቸው ያለው ኦሮሞው ዘንድ ነበር። መንገዱ ተዘጋባቸውና ኩናማ አገር ገቡ። እዚያ የጠበቃቸው በሽታና ሞት ነው። የተረፉት ወደ ምጽዋ ዳርቻ ተመልሰው ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሽንፈት ነው የሚመስለው፤ ለላኪዎቻቸው የጻፉትም እንደ ድል ተቆጥሮ የሚነበብ አልነበረም። ሆኖም ልንሄድበት ነበር ያሉት አገር ራሱ በአንድ ልጅ ተመስሎ ወደ እነሱ መጣ።

ልጁ ሂካ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ ኢሉባቦር ውስጥ ተወልዶ፣ በአራት ዓመቱ አካባቢ ተሰርቆ ለባርነት የተሸጠ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር ምጽዋ ደረሰና በ1870 ነጻ ወጣ፤ ስዊድናውያኑ ዘንድ ተማረ፤ በ1872 በፋሲካ ዕለት ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። የጳውሎስን መልእክት ለሚያውቅ ሰው ስሙ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም፤ ከጌታው ዘንድ የጠፋው ባሪያ ስም ነው። ከዚያ ስቶክሆልም ባለው ዮሐኔሉንድ በተባለው የሚሲዮን ኮሌጅ አምስት ዓመት ተማረ። የኮሌጅ ተማሪና ጥሪ ሲነሣ በአገራችን ታሪክ ከእሱ የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁም። "ወዴት?" የሚለው ጥያቄም እሱን አላስቸገረውም። መልሱ ወደ ወገኖቹ፣ በግፍ ወደተወሰደበት አገር ነው። ከዚህ የጠራ ጥሪ ከየት ይመጣል?

እ.ኤ.አ. በ1881 ትምህርቱን ጨርሶ ተመለሰና ወዲያው ተነሣ። መጀመሪያ በሱዳን በኩል ሞከረ፤ ዓባይን ተከትሎ ድንበሩ ድረስ ከደረሰ በኋላ መግባት አልቻለምና ተመለሰ። ቀጥሎ በታጁራ በኩል አድርጎ እንጦጦ ድረስ ዘለቀ። ንጉሥ ምኒልክም ከበላያቸው አፄ ዮሐንስ ስለነበሩ ወደ ምዕራብ እንዲያልፍ አልፈቀዱለትም። እንደገና ወደ ምጽዋ፣ የስዊድናውያኑ ትምህርት ቤት ወዳለበት ወደ እምኩሉ። የጠራው አምላክ፣ በሩን የዘጋውም አምላክ፣ ምን ሊባል ነው? እኛ አገር አንድ ጊዜ ቪዛ የተከለከለ ወጣት "ጠላት ተዋጋኝ" ብሎ ሦስት ሱባኤ ይይዛል። ኦኔሲሞስ ምን ብሎ እንደጸለየ አልተጻፈም። ያደረገው ግን በእጃችን አለ፤ ተቀምጦ መተርጎም ጀመረ።

ችግሩ ቋንቋው ነበር። ከእናቱ ቤት በአራት ዓመቱ የወጣ ሰው የልጅ ቋንቋ እንጂ የሽማግሌ ቋንቋ አልያዘም። እዚህ ላይ ነው ብዙ መጻሕፍት በግርጌ ማስታወሻ የሚያልፏት አስቴር ጋኖ የምትገባው። እሷም በባርነት ተወስዳ፣ በ1886 ከባሪያ መርከብ ላይ በጣሊያኖች ነጻ ወጥታ እምኩሉ የደረሰች ልጃገረድ ናት። ቋንቋው ሙሉ ለሙሉ እሷ ዘንድ ነበር። ቃላቱን ሰበሰበች፤ ወደ 500 የሚጠጉ ዘፈኖች፣ ተረቶችና ምሳሌዎች ከትዝታዋ አውጥታ ጻፈች። ከዚሁ ሥራ በ1894 የማንበቢያ መጽሐፍ ታተመ። አዲስ ኪዳን አንድ ዓመት ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ፣ በግዕዝ ፊደል፣ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅዱስ ክሪሾና ታተመ። አስቴርን ለዚህ ሥራ ማን ጠራት? ካርታ ላይ እጅ አልጫነችም። የሚጽፍ ሰው ቃል ሲያጣ አጠገቡ ነበረች።

ኦኔሲሞስ ነቀምቴ የገባው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ከኮሌጅ ከወጣ 23 ዓመት ሆኖታል። ያኔም ቢሆን የመጀመሪያው አልነበረም፤ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ የተባለው ባልደረባው ቀድሞት ቦጂ ገብቶ ያስተምር ነበር። ኦኔሲሞስ በ1881 ቢገባ ኖሮ መጽሐፍ ሳይይዝ ይገባ ነበር። ይህን ስል መከልከሉ ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም፤ 23 ዓመት ከሰው ዕድሜ ላይ ተቆርጦ ሲሄድ "ለበጎ ነው" ማለት ለተመልካች ይቀላል። የምለው፣ ጥሪውን የያዘው በሕዝቡና በቋንቋው በኩል ስለሆነ መንገዱ ሲዘጋ ጥሪው አብሮ አልተዘጋም። በቦታ ስም ብቻ ይዞት ቢሆን ኖሮ እንጦጦ ላይ ያልቅ ነበር።

በሐዋርያት ሥራ 16 ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ስብከት ላይ ግን እምብዛም ሲነሣ አልሰማሁም። ጳውሎስ እስያ በምትባለው አውራጃ ሊሰብክ ሲል ተከለከለ። ቢታንያ ሲል ተከለከለ። በሌሊት ራእይ መቄዶንያ ተባለ፤ ባሕር ተሻግሮ ፊልጵስዩስ ገባ። እዚያ መጀመሪያ ልቧ የተከፈተላት ሴት ሐምራዊ ጨርቅ ነጋዴዋ ልድያ ናት፤ የመጣችውም ከትያጥሮን፣ ማለትም ከተከለከለባት ከእስያ ነው።

ወደ ተማሪያችን እንመለስ። እሱ የሚያስበው ጥሪ በእሱና በእግዚአብሔር መካከል ያለቀ ጉዳይ እንደሆነ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚቀራት መመረቅና መሸኘት ብቻ። አንጾኪያ ላይ የሆነው ግን በተቃራኒው ነው፤ በርናባስንና ሳውልን ለዩልኝ የተባለው ለጉባኤው ነው፤ ጾመውና ጸልየው እጅ ጭነው የላኳቸውም አብረዋቸው ያገለግሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሽማግሌዎች አንድ ወጣት "ተጠርቻለሁ" ሲላቸው ስለ ራእዩ ብዙ የማይጠይቁት። የሚጠይቁት አሰልቺ ነገር ነው። እዚህ ስትኖር ማንን ስታስተምር ነበር? ያ ልጅ አሁን የት ነው? የተበደርከው አለ? ጤናህስ? የምታስባት እህት አለች? ካለችስ ይህን ነግረሃታል? እኔ በበኩሌ ከሁሉ የሚመረምረው የመጀመሪያው ይመስለኛል። አምስት ዓመት ሙሉ በዶርሙ አንድ ሰው ሲከተለው ያልታየ፣ ደቡብ ኦሞ ሲደርስ የሚጨመርለት ነገር ምንድን ነው?

ስሜቱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1886 ማውንት ኸርመን በተባለ የአሜሪካ ትምህርት ቤት በተደረገ የክረምት ጉባኤ ላይ 100 ተማሪዎች ለውጭ አገር ሚሲዮን ፈቃዳቸውን ሰጡ። ከዚያ የተነሣው የተማሪዎች የፈቃደኝነት ንቅናቄ በሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ወጣቶችን ወደ ዓለም ዙሪያ ላከ። ቃል ገብተው የፈረሙት ግን ከሄዱት እጅግ ይበልጣሉ። የጉባኤ ምሽት ብዙ ያስፈርማል። የንቅናቄው መሪዎችም ይህን ስላወቁ የፈረመውን ሁሉ እንደተላከ አልቆጠሩትም፤ ትምህርቱን እንዲጨርስና የሚልከው አካል እንዲመረምረው ይጠብቁት ነበር።

በእኛ ዘመን ደግሞ ሌላ ፈተና ተጨምሯል። መድረክ ላይ ወጣቱን በስሙ ጠርቶ "ትምህርትህን ተውና ውጣ" የሚል ነቢይ አይጠፋም። እንዲህ ያለ ትንቢት የሰጠ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ስልክ እንደሚያነሣ ቀድሞ ማጣራት አይከፋም። ሌላው ፈተና ከውስጥ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናውን ሳያልፉ ዲግሪ መያዝ ቀርቷል፤ አንዳንዱ ጥሪ በጣም የሚበረታው ደግሞ ፈተናው ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ፈተናው ካለፈ በኋላም ያው ጥሪ ካለ፣ ያን ጊዜ ማውራት ይቻላል።

ዲግሪው ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ቄስ ጉዲና ቱምሳን ማሰብ ይበቃል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆነው ከመመረጣቸው በፊት፣ ቅስናም ከመቀበላቸው በፊት፣ ነቀምቴ ሆስፒታል የቁስል አጣቢና የቀዶ ሕክምና ረዳት ነበሩ። በኋላ፣ በ1972 እ.ኤ.አ.፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ወንጌልንና ልማትን ለያይታችሁ አትርዱን ብላ ለምዕራብ ለጋሾች ደብዳቤ ስትጽፍ የዚያ ሐሳብ ዋና አንቀሳቃሽ እሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 ደርግ አፍኖ ገደላቸው፤ አስከሬናቸው የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። በቁስል ማጠቢያ ክፍል የቆየ ሰው ነፍስንና ሥጋን ለያይቶ ማየት ይቸግረዋል ብዬ አስባለሁ። ከዚህ ሌላ ተራ ምክንያትም አለ፤ ብዙ አገሮች ለሚሲዮናዊ ቪዛ አይሰጡም፤ ለውኃ መሐንዲስ ግን ይሰጣሉ።

እዚህ ላይ ከፌሎሺፑ ባሻገር ያለውንም ማየት ተገቢ ነው። በዚያው ካምፓስ፣ ከፌሎሺፑ ቁጥሩ የሚበልጥ ተማሪ በኦርቶዶክሳውያኑ ግቢ ጉባኤ ይሰበሰባል። ጉባኤዎቹን የሚያስተባብረው ማኅበረ ቅዱሳን ራሱ የተማሪ ልጅ ነው፤ በ1983 ዓ.ም. ብላቴ ለወታደራዊ ሥልጠና በተላኩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ተፀንሶ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተ። እዚያ "ተጠራሁ" የሚል ቃል ብዙ አይሰማም፤ ልጁ ከዲግሪው ጎን የሃይማኖት ትምህርቱን ይከታተላል፣ በበዓል ወደ ገጠር ገዳማት ይወርዳል፣ ተመርቆም የአባልነት መዋጮ ይከፍላል። የፌሎሺፑ ልጅ ከዚህ የሚማረው ቢኖር፣ አገልግሎት ያለ ልዩ ምሽትና ያለ ምስክርነት መድረክም ለአሥርት ዓመታት እንደሚዘልቅ ነው።

እንዲያውም ትልቁ ዕድገት የመጣው ማንም "ሚሲዮናዊ" ባልነበረበት ጊዜ ነው። ጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ፤ መሪዎቿን አሰረ፤ ንብረቷን ወሰደ። ያኔ ወደ 5 ሺህ ምእመናን ነበሯት። በየሳሎኑ አምስት ስድስት ሆነው፣ ሳይዘምሩ፣ ጫማቸውን በር ላይ ሳይተዉ ተሰበሰቡ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በሩ ሲከፈት ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ወጡ። የሕዝብና ቤት ቆጠራውም ይህንኑ አቅጣጫ ያሳያል፤ ፕሮቴስታንቱ እ.ኤ.አ. በ1984 ከሕዝቡ 5.5 በመቶ፣ በ1994 10.2 በመቶ፣ በ2007 ደግሞ 18.6 በመቶ ገደማ ነበር። ይህን ያደረጉት በአብዛኛው አስተማሪዎች፣ ነርሶች፣ ወታደሮችና የቤት እመቤቶች ናቸው።

ስለ ኮዬ ፈጬም ማለት ያለብኝ አለ። ኮንዶሚኒየሙ ከመቆሙ በፊት እዚህ የገበሬ ማሳ ነበር። የካቲት 2011 ዓ.ም. ከ51 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ ኮዬ ፈጬ ላይ ያሉትም ስለነበሩበት፣ በኦሮሚያ ብዙ ከተሞች ሕዝብ ለተቃውሞ ወጣ። ዛሬ አካባቢው ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ነው። ባለ ዕጣው አማርኛ ይናገራል፤ ከመሬቱ የተነሣው ቤተሰብ አፋን ኦሮሞ። ሁለቱ በአንድ ታክሲ ተሳፍረው ሳይነጋገሩ ይወርዳሉ። ተማሪያችን ሰሜን አፍሪካ ሲያስብ ዓረብኛ ለመማር አፕ ጭኗል። የዶርሙን ጥበቃ ግን አምስት ዓመት ሙሉ "አከም ቡልቴ" ብሎት አያውቅም። የኦኔሲሞስንና የአስቴርን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን ሲያይ ዝም ማለት ያቅተዋል። ቋንቋውን ከተማረም አንድ ነገር ያስተውል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ሃይማኖትን የማስተማር ነጻነት ሲሰጥ፣ በዚያው አንቀጽ ማስገደድን ይከለክላል። መሬቱን ላጣ ሰው ዱቄት ይዞ ሄዶ ከዱቄቱ ጋር እምነት ማስፈረም ከማስገደድ ብዙም አይርቅም።

የቀረው የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይኸው ነው። እናቱ እሱን ለማስተማር ምን እንደሸጠች ያውቃል። ሲነግራት ስለ ራእዩ አትጠይቀውም። "ማን ሊያበላህ ነው?" ትለዋለች። ልጁ ጥያቄው የእምነት ማነስ ይመስለዋል። የወላይታ ገበሬዎች ግን ይህንኑ ጥያቄ በቁም ነገር ይዘውት ነበር።

ሚሲዮናውያኑ በ1937 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ተባርረው ሲወጡ ወላይታ ላይ የተዋቸው የተጠመቁ አማኞች 50 አይሞሉም ነበር። እንደ ዋንዳሮ ያሉት መሪዎች ታስረው ተገረፉ። ሚሲዮናውያኑ ከጣሊያን በኋላ ሲመለሱ ግን 10 ሺህ ገደማ ሆነው አገኟቸው። እነዚህ ሰዎች ናቸው ከድህነታቸው ቀንሰው ወደ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ኩሎ ኮንታና አሪ ወንጌላውያን የላኩት። ማሄ ጮራሞን የመሰሉ ሰዎች ዕድሜያቸውን በሙሉ ከአገር አገር ሲዘዋወሩ ኖረዋል። በየዓመቱ በሚደረገው ትልቅ ጉባኤ ላይ ከየመስኩ የመጣው ወንጌላዊ ያየውን ይናገራል፤ ገበሬው ያለውን ያወጣል፤ ያ መዋጮ ነው የሚመጣውን ዓመት የሚያስኬደው። ሚስቶቻቸውም አብረው ሄዱ፤ ቋንቋውን በማታውቀው ሰፈር ማሳ ቆፍራ ልጆች ያሳደገችው እሷ ናት፤ ተጠርተሻል ወይ ብሎ የጠየቃት መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ።

ይህን የተማሪዎቹ ትውልድም ሊያደርገው ይችላል። ከአንድ ባች የተመረቁ 20 ጓደኛሞች እያንዳንዳቸው በወር 500 ብር በቴሌብር ቢያዋጡ 10 ሺህ ብር ነው፤ ሰውየውን ገጠር ላይ አብልቶ ያሳድረዋል፤ ለቤት ኪራይና ለመድኃኒት ግን ይሳሳል። ጥቂቶቹ በመንፈቅ ውስጥ መክፈል ያቆማሉ፤ ይህንም ቀድሞ ማስላት ነው። ስለዚህ ልጁ ወደ እናቱ ከመሄዱ በፊት የሃያዎቹን ስም ወረቀት ላይ ይጻፍ። ሃያ ሰው ካጣ፣ ወይ ጊዜው አልደረሰም፣ ወይ ከእሱ ይልቅ መዋጮውን የሚሰበስብ ሰው ነው የጠፋው፤ ያም ቢሆን ሰው የሚፈልግ ሥራ ነው።